ፈቃድ ተቀብሎ መልሶ ማንበብ

ከቦሌ ወደ መቀሌ በመሣሪያ እየተመራ የሚበር አውሮፕላን ከቆመበት ከመነቃነቁ በፊት የጉዞ ፈቃድ ይቀበላል። የበረራ ዕቅዱ ቀድሞ ገብቷል። አብራሪው በሬዲዮ የበረራ ቁጥሩንና መዳረሻውን ተናግሮ ይጠይቃል፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የሚከተለውን መስመር፣ መጀመሪያ የሚወጣበትን ከፍታና አውሮፕላኑ በራዳር ላይ የሚለይበትን ባለአራት አሃዝ የትራንስፖንደር መለያ ይሰጠዋል። መለያው ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ ስለሚዋቀር 4,096 ዓይነት ሊሆን ይችላል።

እጅግ የሚደነቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አብራሪው የጻፈውን አንድ በአንድ መልሶ ያነባል፤ ተቆጣጣሪው ያዳምጣል፤ አንዲት አሃዝ ብትዛነፍ ወዲያው ያርማል፤ ትክክል ከሆነም ያረጋግጥለታል። አዋቂ ለአዋቂ እንዲህ መተራረሙ ትልቅ ባህል ነው። የዚህ ጥንቃቄ ምክንያትም ከባድ ነው፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ የመንዝ ደጋ አለ፤ በዚያ ያለው ጓሳ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። በክረምት ደመና ሲለብስ ተራራው ከአብራሪው ዓይን ይሰወራል፤ ያን ጊዜ የሚተማመነው በመሣሪያውና በተፈቀደለት መስመርና ከፍታ ነው።

ይህ ፈቃድ ብቻውን አውሮፕላኑን አያንቀሳቅስም። ወደ ኋላ ለመገፋትም ሆነ ወደ መንደርደሪያው ለመሄድ እንደገና መጠየቅ ግድ ነው።