ጭንቅላቱ የተጎዳን ሰው መጠበቅ

ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና አብዛኛው በአዳማ በኩል ነው የሚያልፈው። ከተማው ባጃጅ ነው፣ ዙሪያው ሞተር ሳይክል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምንሠራ ነርሶች ጭንቅላቱ የተመታ ሰው እንግዳ አይደለም።

በዚህ ሕክምና ምን አዲስ ነገር መጣ የሚለኝ ሰው ስለ ማሽን እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔ የማነሣለት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የቦሊቪያና የኢኳዶር ጥናት ነው። 324 ሕሙማን ተሳትፈዋል፤ ለገሚሶቹ የግፊት መለኪያ ራስ ቅላቸው ውስጥ ገባ፣ የቀሩት በሲቲ ስካንና በተደጋጋሚ ምርመራ ብቻ ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ ውጤታቸው አልተለያየም። መለኪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዓይንና እጅ ሳይሰለቹ ከሠሩ ግን ሕይወት ያተርፋሉ ማለት ነው።

የንቃት መለኪያው ጂሲኤስ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አለ፤ አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማን ሰው በአማርኛ «እጅህን አንሣ» ብለን ዝም ቢል፣ ነጥቡን የቀነስንበት እኛ ነን። ብሌኑን በባትሪ አይቼ ከሰዓቱ ጋር እጽፋለሁ፤ ሰዓት የሌለው ቁጥር ለሚቀጥለው ተረኛ አይጠቅመውም። ጂሲኤሱ በ2 ከወረደ ሐኪም ይጠራል፣ ሌሊትም ቢሆን።

የአንጎል ግፊት የሚቀንሰው ማኒቶል ከመንጠልጠሉ በፊት እጄ ወደ አንገቱ ይሄዳል። የመተንፈሻ ቱቦው ማሰሪያ ከጠበቀ ደም ከጭንቅላት መውረጃ ያጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ማሰሪያውን አላላለሁ፣ አንገቱን አቀናለሁ፣ ራስጌውን 30 ዲግሪ ከፍ አደርጋለሁ።

ሙቀቱም አለ። በስምጥ ሸለቆ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይግላል፤ ትኩሳት ደግሞ የተጎዳ አንጎልን ኦክስጅን ያሻማዋል። ሰውነትን ወደ 32–35 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው፣ ጉዳት አመጣ እንጂ አልጠቀመም። ስለዚህ የእኛ ሥራ ትኩሳትን መከልከል ነው፤ በፓራሲታሞል፣ በርጥብ ጨርቅ፣ በማራገቢያ።

ለእኔ ከአዲስ ማሽን በፊት የሚያስፈልገው፣ አንድ ነርስ የምትጠብቃቸው አልጋዎች ማነስ ነው።

በመቂ፣ በባቱ፣ በመተሐራ ያላችሁ ባልደረቦቼ፤ ስቴሮይድ አትስጡ፣ ሞት እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይታወቃል። አደጋው ከደረሰ ሦስት ሰዓት ካልሞላው ስለ ትራኔክሳሚክ አሲድ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። በሪፈር ወረቀቱም ላይ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ ጂሲኤሱን፣ የሁለቱን ብሌኖች ሁኔታና የደም ግፊቱን ጻፉልን።