የጧት ቃልና የማታ ቍጥር

«ሄንሪ አምስተኛ» የተባለውን ቴአትር እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ሼክስፒር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1599 ዓ.ም. ገደማ ደረሰው። ታሪኩ በ1415 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን በፈረንሳይ አገር በአዣንኩር የተደረገው ጦርነት ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ድርሰት የሚያውቀው ንጉሡ በጧት የተናገረውን ቃል ነው፤ በዚያ ቃል አብሮት የሚዋጋውን ተራ ወታደር ሳይቀር ወንድሙ ያደርገዋል። ንግግሩ ልብን ያነሣሣልና ከቴአትሩ ተነጥሎ ብቻውን ሲነገር ይኖራል። ይህን ብቻ ይዞ የሚሄድ ግን ሰሙን ወስዶ ወርቁን ይጥላል።

ወርቁ በንግግሩ ፊትና ኋላ ተቀምጧል። በዋዜማው ሌሊት ንጉሡ ማንነቱን ሰውሮ በወታደሮቹ መካከል ሲመላለስ፥ ዊልያምስ የተባለ ወታደር የጦርነቱ ምክንያት ቅን ካልሆነ የሟቾቹ ደም ከንጉሡ እንደሚፈለግ በድፍረት ይናገራል። ንጉሡም እያንዳንዱ ሰው ስለ ነፍሱ ራሱ እንደሚጠየቅ ያስረዳዋል። ብልህ መልስ ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ጦርነቱ ቅንነት ሲሆን የተመለሰው ስለ ወታደሩ ኃጢአት ነው። ከድል በኋላ ዊልያምስ ገንዘብ የተመላ ጓንት ይሰጠዋል፤ ጥያቄው ግን እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል።

ደግሞም መኰንኑ ስክሩፕ ሲከዳው ንጉሡ ረጅም የኀዘን ንግግር ያሰማል። የወጣትነት ባልንጀራው ባርዶልፍ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሰርቆ በሞት ሲቀጣ ግን አንድ የኀዘን ቃል አይወጣውም። ቅጣቱ በሕግ ነው፤ ዝምታው ግን ይሰማል።

ማታ የሙታን ዝርዝር ይነበባል። በቴአትሩ ከእንግሊዝ ወገን በስም የተጠሩት አራት ብቻ ናቸው፤ የዮርክ መስፍን፥ የሰፎክ መኰንን፥ ሰር ሪቻርድ ኬትሊና ዴቪ ጋም። የቀሩት 25 በቍጥር ያልፋሉ። በጧት ወንድም የተባለው በማታ ስም አላገኘም።

ባለቅኔው በዚህ ንጉሡን አላዋረደም፥ አልሸነገለምም። ጀግንነቱ እውነተኛ ነው፤ ዕዳውም እውነተኛ ነው። ታማኝነት ከታች ወደ ላይ እንደሚፈለግ፥ ወንድምነትም ከላይ ወደ ታች ይፈለጋል። ሎረንስ ኦሊቪየ በ1944 ዓ.ም. በዓለም ጦርነት መካከል ባወጣው ፊልም የከዳተኞቹንና የባርዶልፍን ነገር ቈርጦ ጣለ፤ ለዘመኑ ድፍረት የሚሰጥ ሥራ ሆነ፥ ግን ሚዛኑ አጋደለ። ኬኔት ብራና በ1989 ዓ.ም. የባርዶልፍን ስቅላት መልሶ አሳየ፤ ያን ጊዜ የንጉሡ ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ ታየ።

እንግዲህ ይህን ቴአትር የሚያሳይ ሁሉ ለጧቱ ንግግር ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፥ ለማታው ዝርዝርም ጊዜ ይስጥ። ወንድም ብሎ የጠራ አለቃ የሚመዘነው ያን ቃል በተናገረበት ሰዓት አይደለም፤ ሙታኑ በሚቈጠሩበት ሰዓት ነው።