«ጋረደ» እና «ጥራት»፦ በቴሌቪዥን ሞገድ አቀባበል ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ከግዕዝ ሥር መውጣቱ፣ ለእርባታ መመቸቱ፣ ከባዕዱ ቃል ጋር መመጣጠኑ ይመረመራል። ቃሉን ይዞ ሥራ የሚሠራው ሰው በቃሉ ምክንያት ይሳሳት እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ከዚህ ቀጥሎ ይህንኑ ጥያቄ በሁለት ቃላት ላይ እናነሣለን፤ እነርሱም «ጋረደ» እና «ጥራት» ናቸው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሥርጭቱ የሚነሣው ከምድር ማሠራጫ ነበር። ይህ ዐይነቱ ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ በመካከል ተራራ ሲገባ ይደክማል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ስለዚህ የደጋው ሰው «ተራራው ጋረደን» ሲል ትክክለኛ የፊዚክስ መግለጫ መስጠቱ ነበር። ሞገዱ ሲደክም ምስሉ ይደበዝዛል፤ በነጠብጣብ ይሸፈናል፤ ጥላም ይደረብበታል። አንቴናው ሲስተካከል ደግሞ የደፈረሰ ውሃ እንደሚጠራ ሁሉ ምስሉ ቀስ በቀስ ይጠራል። «ጥራት» የሚለው ስም በዚያ ዘመን ከነገሩ ጠባይ ጋር ፍጹም ይስማማ ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገራችን ጣቢያዎች በ7 ዲግሪ ምዕራብ ከሚገኘው ናይልሳት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ «ኢትዮሳት» ወደተባለው አገልግሎት ሲዛወሩ፣ ምዕራብን ይመለከት የነበረው ዲሽ ሁሉ መዞር ነበረበት። ይህ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ መካነ ሰላም፣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የወሎ ቦረና ደጋ ላይ፣ በዘመድ ቤት ነበር። አንድ ጎልማሳ ከጣራው ላይ ሆኖ ዲሹን ያዞራል፤ ልጂቱ ከቤት ውስጥ ሆና ከቴሌቪዥኑ መስኮት ቁጥር ታነብባለች።

«ስንት ሆነ?»

«ሰማንያ!»

«ምስሉስ?»

«የለም!»

ሰውየው ሲግናሉ መግባቱን ከቁጥሩ ተረድቶ ጥፋቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ፤ «የጥራት ችግር ነው፤ አርጅቷል» አለ። ጎረቤትም «ተራራው ጋርዶት ነው» አሉ። የቤቱ ጌታ ለአዲስ ቴሌቪዥን መግዣ በጎች ለመሸጥ ማሰብ ጀመሩ።

በመስኮቱ ላይ የነበሩት መለኪያዎች ግን ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በገመዱ በኩል የሚደርሰውን ኃይል ሁሉ ይለካል፤ በዲሹ ፊት የተተከለው ኤልኤንቢ ራሱ የሚፈጥረውን ሁከት ጭምር ስለሚቆጥር፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው የሚያሳየው ሪሲቨሩ የተፈለገውን ሥርጭት ከሌላው መለየት መቻል አለመቻሉን ነው። ልጂቱ ያነበበችው የመጀመሪያውን ነበር፤ ሁለተኛው ዜሮ ላይ ቆሟል። ለሁለተኛው መለኪያ የተለመደው አቻ «የሲግናል ጥራት» ነው። ቃል በቃል ቢመዘን ጉድለት አይወጣለትም፤ በሥራ ላይ ግን ያሳስታል። የዲጂታል ምስል አይደበዝዝምና፤ ወይ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ወይ ይቆራረጣል፣ ወይ ይጠፋል። «ጥራት» የሰማ ሰው ግን የምስል መጥራትን ያስባል፤ ምስል በሌለበት ደግሞ ጥራቱን የሚፈልገው ከቴሌቪዥኑ ነው።

ተርጓሚ «ጥራት የደረጃ ትርጉምም አለው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እውነት ነው፤ በፋብሪካና በቢሮ ይህ ትርጉም ጸንቷል። ምስል ፊት በተቀመጠ ሰው አእምሮ ግን የሚቀድመው «ጠራ» የሚለው ግሥ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው መለኪያ «የሞገድ ኃይል»፣ ለሁለተኛው «የሞገድ ልየታ» እንዲባል እንጠቁማለን። «ልየታ» በሌሎች ሙያዎችም ስለሚሠራበት «ሞገድ» የሚለው ዘርፍ አይቅርበት። ጠቀሜታው ወደ ግሥ መመለሱ ነው፤ ከጣራ ላይ «ለየ?» ተብሎ ቢጠየቅ ከታች «አልለየም!» ተብሎ ይመለሳል። ሕዝቡ ዲሽ ሲያዞር «መጣ!»፣ «ሄደ!» እያለ የሚጮኸውም ከ«ጥራት» ይልቅ ለዲጂታሉ ጠባይ የቀረበ ነው።

«ጋረደ» መጣል የለበትም፤ ፍቺው ግን መጥበብ አለበት። ከመካነ ሰላም ሲታይ የ57 ዲግሪው ሳተላይት በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህን ከፍታ የሩቅ ተራራ አይጋርደውም፤ የቅርብ ግድግዳ ወይም ባሕር ዛፍ ግን ሊጋርደው ይችላል። የክረምት ዶፍም «ያደክማል» እንጂ «ይጋርዳል» ባይባል ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዝናቡ እስኪያባራ መታገሥን፣ ሁለተኛው የዲሹን ቦታ መቀየርን ያመለክታልና።

በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛውን መነሻ አድርጎ አማርኛውን ይፈልጋል። አሠራሩ ለተርጓሚ ይመቻል፤ የሚጠቅመንም ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ብቻ ስንሄድ ስም ይበዛልናል፤ ብልሽትን ከብልሽት የሚለየው ግሥ ግን ከዕይታችን ይወጣል። ወደ ፊት ስለ ጥገና የሚዘጋጅ መዝገብ ከብልሽቱ ተነሥቶ፣ ሠራተኛው የሚናገረውን ግሥ ሰብስቦ፣ ስሙን ከዚያ ቢያወጣ እንመርጣለን።

በመካነ ሰላሙ ቤት ልጂቱ ሁለተኛውን መለኪያ እንድታነብ ተነገራት። ዲሹ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል፣ ጥቂትም ቀና ሲል ቁጥሩ ከዜሮ ተነሣ፤ ምስሉም መጣ። በጎቹ አልተሸጡም። ሐሳቡ ለውይይት የቀረበ ነውና የተሻለ ቃል ያለው ያቅርብ፤ መመዘኛው ግን ከጣራው ላይ ያለው ሰው ሰምቶ ትክክለኛውን ብሎን ማላላቱ ይሁን።