የጌታቸው መኩሪያ ሽለላ ከ«ዘ ኤክስ» ጋር፤ በምዕራብ ጎጃም አድማጮች ዘንድ

ስለ አንድ የሙዚቃ ሥራ ፍርድ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የከተማ ሰው ቃል ነው። አቶ ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ጋር ስለ ሠሩት ሥራ የተባለውም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ያጨበጨቡለት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሽለላና ፉከራ በሠርጉ፣ በደቦውና በለቅሶው የሚሰማ የጎጃም ገበሬ ስለዚህ ሥራ ምን ይላል? እኛ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ በዕረፍት ወደየቤታችን በተመለስን ጊዜ ሥራውን ለዘመዶቻችንና ለጎረቤቶቻችን እያሰማን አሳባቸውን ተቀበልን። ያነጋገርናቸው ጥቂቶች ስለ ሆኑ ቃላቸው የአገሩ ሁሉ ፍርድ ነው አንልም፤ ሆኖም ከሰማነው ውስጥ ሊመዘን የሚገባው ብዙ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አቶ ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ፤ በአዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጀምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን ጀግና በአፉ የሚያወጣውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ማዛወራቸው ነው። «ዘ ኤክስ» በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ባንድ ሲሆን፣ ፓንክ ሮክ የሚባለውም በዚያው ዘመን በኒው ዮርክና በለንደን ወጣቶች የተስፋፋ፣ ለጥራትና ለጌጥ የማይጨነቅ፣ አጭርና ኃይለኛ ጨዋታ ነው። ባንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ተጫውቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ጋበዘ፤ ከዚያ በኋላ «አጅቡኝ» ብለው ባንዱን የጠየቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ፈረንጆች ወሰዱብን» የሚለው ነቀፌታ ገና ከመነሻው ይወድቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዐ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ፤ ቀጥሎም በመድረክ ሲጫወቱ የሚያሳይ ፊልም፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለተኛው አልበም ተከተለ። አቶ ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

በአገራችን ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ እየተቀላቀሉ ቢጠሩም አንድ አይደሉም። ቀረርቶ ድምፅን እያስረዘሙ የሚያወጡት ዜማ ነው፤ ፉከራ ግን ሰው ከመካከል ወጥቶ፣ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ዘሩንና ሥራውን የሚቈጥርበት ንግግር ነው። ሽለላ ደግሞ ልብን የሚያነሣሣው ነው። ሁሉም ያለ ሰሚ አይቆሙም፤ አንዱ «በለው!» ይላል፣ ሌላው ፎካሪውን ወገቡን ይይዛል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ጣልያን በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ሲሄድ ያዩ አባቶች የፎከሩትን ፉከራ ልጆቻቸው እስከ ሽምግልና ድረስ ይዘውት ኖረዋል። ፉከራ በዚህ አገር የምስክር ቃል ነው።

የመጀመሪያዎቹ አድማጮቻችን የፍኖተ ሰላም ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ሥራውን ወዲያው ወደዱት። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ያስነሣል፣ ሳክስፎኑም አይሸነፍም የሚል ነበር ቃላቸው። ሁለተኛዎቹ በቡሬ ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ ሰውየው ማንን እንደ ገደለና የማን ልጅ እንደ ሆነ አልነገረንም፣ ስለዚህ ድምፁን ሰማን እንጂ ፉከራውን አልሰማንም አሉን። ደግሞም በፊልሙ አቶ ጌታቸው ጎፈር ደፍተው ሲወጡ ባዩ ጊዜ፣ ጎፈር አንበሳ ለገደለ ሰው የሚገባ ማዕረግ መሆኑን አስታወሱን። ሦስተኛው መሰንቆ የሚጫወት ሰው ነበር። እርሱ የሽማግሌዎቹን አሳብ አልተቀበለም፤ መሰንቆም አፍ የለውም፣ ነገር ግን ግጥሙን የሚያውቅ ሰው ከክሩ ውስጥ ቃሉን ይሰማል ሲል መለሰ።

አራተኛውን አሳብ ሳንጠይቅ ነው ያገኘነው። በአንድ ቤት ሥራውን ስናሰማ የቤቱ እናት ከጓዳ ወጥተው እንድንዘጋው ለመኑን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት የፉከራ ድምፅ የሚያስታውሳቸው ሠርግ መሆኑ ቀርቷል። ዘጋነው፤ በዚያ ቤት ስለ ሙዚቃ ሌላ ጥያቄ አላነሣንም።

እንግዲህ በበኩላችን የምንፈርደው እንደሚከተለው ነው። የመሰንቆ ተጫዋቹ አሳብ እውነት አለበት። አቶ ጌታቸው አንዱን ድምፅ አስረዝመው፣ አንቀጥቅጠው፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቆርጠው ሲጥሉት፣ የቀረርቶው አካሄድ ሳይጎድል አለ። የጊታሮቹ መንጫጫትም ለጆሯችን እንግዳ ነው የሚለውን አንቀበልም፤ በገናን የሰማ ሰው እንዝራው የሚያሰማውን የመነዝነዝ ድምፅ ስለሚያውቅ፣ የጠራ ድምፅ ብቻ ውብ ነው ብሎ አያምንም። የሻካራ ድምፅ ፍቅር ሁለቱን ወገኖች በእውነት ያገናኘ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ኃይልን ከጩኸት ጋር አንድ ማድረጋቸው ስሕተት ይመስለናል። የፉከራ ኃይል የሚመጣው ፎካሪው ዝም ብሎ ከቆመባት ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ ምን ሊል ነው ብሎ ሲጠብቅ። ቀረርቶም በመለኪያ አይታሰርም፤ የሚሄደው በሰውየው ትንፋሽ ልክ ነው። «ቼ በለው» የሚለውን የአንዱን ጨዋታ ስም ብናስተውል፣ «ቼ» ጋላቢ ፈረሱን የሚያነሣሣበት ቃል ነው፤ ፈረሱን የሚያስኬደው ጋላቢው ነው፣ ፈረሱ ጋላቢውን አይደለም። ከበሮው መለኪያውን አጥብቆ በያዘበት ቦታ ሁሉ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳክስፎኑ ተከታይ ይሆናል። አጃቢዎቹ ልጓሙን ላላ አድርገው ሳክስፎኑን በሚጠብቁበት ቦታ ግን ሥራው ከፍ ይላል።

ስለ ጎፈሩ ሽማግሌው ያሉት ትክክል ቢሆንም፣ አቶ ጌታቸው የቲያትር ቤት ሰው መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ በመድረክ ላይ ጎፈር የሚያስታውሰው የአባቶችን ማዕረግ ነው፣ የለባሹን ግዳይ አይደለም። ዋናው ጉድለት ከዚህ ይልቅ ከሰሚው በኩል ነው። በአውሮፓ መድረክ ሕዝቡ ጨዋታው እስኪያልቅ ጠብቆ ያጨበጭባል። የእኛ ሰሚ ግን በመካከል ይገባበታል፤ የፉከራው ግማሽ የእርሱ ነው። አቶ ጌታቸው በእንግድነት የተጫወቱበት፣ የአሜሪካው «አይዘር ኦርኬስትራ» በጥር ወር 2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ መድረክ የቀረጸው አልበም ከዚህ ጋር ቢነጻጸር፣ ዜማውን በሚያውቅ ሕዝብ ፊት መጫወት ምን እንደሆነ ይገባናል። ስለዚህ ከመድረክ የተቀረጸ ሥራ ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ሰሚውንም እንደሚቀርጽ መቁጠር ይገባል።

የቤቱን እናት ልመና በተመለከተ ግን የምንሰጠው ፍርድ የለም። ሆኖም ያስተማሩን ነገር አለ፤ ሽለላ እንደ ማንኛውም ዜማ ለጆሮ ደስታ ብቻ የሚሰማ ነገር አለመሆኑን ከአድማጮቻችን ሁሉ አብልጠው ያወቁት እሳቸው ናቸው። በአምስተርዳም ያለ ሰሚ ይህን ሳያውቅ ሊደሰት ይችላል፤ እኛ ግን እያወቅን ነው የምንሰማው። ሥራውን ታላቅ የሚያደርገውም፣ ለእኛ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው የድምፁ እውነተኛነት ነው።

በመጨረሻ አንድ አሳብ እናቀርባለን። አንድ ሽለላ በሳክስፎን ባሕር ተሻግሮ በአልበም ከተቀረጸ፣ በደቦና በሠርግ ላይ የሚባለው ከነቃሉ፣ ከነሰሚው «በለው!» ጋር፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ የማይቀረጽበት ምክንያት የለም። አገሩ ሰላም ሲያገኝ ይህን ሥራ መጀመር ያለበት ከየመንደሩ የመጣው ተማሪ ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉና። በፍርዳችን የተሳሳትንበትን የሚያርመን አንባቢ ቢገኝ ደስታችን ነው።