ስለ ስምና ስለ ማዕርግ

ሰው በስሙ ይጠራል እንጂ በስሙ አይመዘንም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን መጽሐፍ ለመመዘን በተቀመጥን ጊዜ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። እኔም ረስቼው ሰው በድያለሁና፥ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ነገሩን ከነጥፋቴ እጽፍላችኋለሁ።

የምኖርባት ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው፤ ሥራዋ ስሟ ሆነ። ደብረ ማርቆስ ግን ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳልም በ1873 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በአገራችን ሰው በአንድ ስም ብቻ አይኖርም። እናት የምታወጣው ስም አለ፤ ካህን በጥምቀት የሚሰጠው የክርስትና ስም አለ፤ አማት ለምራቷ የምታወጣላት ስም አለ፤ ጦረኛም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ እንደ ነበር ታውቃላችሁ።

በሩቅ አገርም ልማዱ ይህን ይመስል ነበር። በቀድሞው ቻይና ወንድ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሆነው የአክብሮት ስም ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ እኩዮቹ በልደት ስሙ ቢጠሩት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ712 እስከ 770 የኖረው ባለቅኔ ዱ ፉ የአክብሮት ስሙ ዚሜይ ነበረ። ሰዎች ደግሞ በመንግሥት የሥራዎች መሥሪያ ቤት በነበረው አነስተኛ ሹመት ጠሩት። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት አንባቢዎች ግን «የግጥም ጠቢብ» አሉት። ሹመቱን የሰጠው መንግሥት ነው፤ ጠቢብ ያሰኘው ግን ግጥሙ ነው። ከ1037 እስከ 1101 የኖረው ሱ ሺም ከሹመቱ ተሽሮ በግዞት ሳለ ያርሰው በነበረው መሬት ራሱን ዶንግፖ ብሎ ጠራ፤ ትርጓሜው የምሥራቅ ተዳፋት ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚሁ በእርሻው ስም ነው።

የእኛንም ደራሲዎች ማዕርግ አንድ በአንድ ብንመረምር እንዲሁ እናገኘዋለን። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ቀኝ ጌታ ይባላል። ብዙ ተማሪ ይህን ለድርሰቱ የተሰጠ ክብር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቀኝ ጌታ በማኅሌት በቀኝ በኩል የሚቆሙት መዘምራን አለቃ ማለት ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ብላቴን ጌታ ቢባሉ ማዕርጉ የቤተ መንግሥት ነው። ነጋድራስም የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነው፤ ተሰማ እሸቴም በዚህ ማዕርግ ይጠራል፥ ግጥሙን ያማረ ያደረገው ግን ቀረጡ አይደለም። እንግዲህ ማዕርግ ደራሲው በየት ቤት እንደ ሠራ ይነግረናል እንጂ መጽሐፉ መልካም መሆኑን አይነግረንም።

ይህን ሁሉ ዛሬ አውቄ እናገራለሁ። በወጣትነቴ ግን አላወቅሁትም።

ነገሩ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሆነ ነው። በዚህ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ የተቀዳደደ መጽሐፍ ይዞ መጣና ስለ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በክፍሉ ፊት ልናገር አለኝ። አፈወርቅ በጣና ዳር በዘጌ የተወለደ፥ ይህንንም የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመ ሰው ነው። ነጋድራስ የተባለ ሹም ነበረ። በኋላ ግን ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለወራሪው አደረ፤ «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕርግም ተሰጠው። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ በጅማ በግዞት ኖሮ እዚያው ሞተ።

እኔም ያንን ማዕርግ ብቻ አሰብሁና «የባንዳ መጽሐፍ በእኔ ክፍል አይነበብም» አልሁ። ልጁ ግን አልተወም፤ «መምህር፥ መጽሐፉ የተጻፈው እኮ ጣልያን ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው» አለኝ። መልስ ባጣሁ ጊዜ ሣቅ ፈለግሁ፤ «እንግዲያስ አንተም የእኛ አፈ ቄሳር ነህ፥ ተቀመጥ!» አልሁት። ክፍሉ ሣቀ። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስም በእኔ ትምህርት እጁን አላነሣም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ሮብ ቀን እህል ልሸምት ገበያ ወጥቼ ሳለ ሰዎች አንዱን ጤፍ ሻጭ «ቄሳር! ቄሳር!» እያሉ ሲጠሩት ሰማሁ። ዘወር ብል እርሱ ነው፤ ጠጕሩ ሸብቷል። ከነስሙ ለምን እንዲህ እንደሚባል ከጠሪዎቹ የሚያውቅ አልነበረም። እርሱ ግን አወቀኝና ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ።

«የኔታ፥ እንደ ምን ሰነበቱ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ስም እስከ ዛሬ አለብህን?» አልሁት።

«ለእኔስ ለምጄዋለሁ፤ ልጆቼንም የቄሳር ልጆች ይሏቸዋል» ብሎ ፈገግ አለ። ቀጥሎም፥ «የኔታ፥ እንዲያው ልጠይቅዎትና ያንን መጽሐፍ ያን ጊዜ አንብበውት ነበርን?» አለኝ።

አላነበብሁትም ነበር። የኔታ ማለት «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። እኔ የስድብ ስም የሰጠሁት ሰው በገበያ መካከል ጌታዬ ሲለኝ የገባኝን ኀፍረት ልነግራችሁ አልችልም። በጠሪዎቹ ፊት እናቱ ባወጣችለት ስም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር አለኝ። ስሙ ግን በእኔ ቃል አልተመለሰም፤ በሚቀጥለውም ሮብ ገበያተኛው ቄሳር ብሎ ሲጠራው ሰማሁ። ስም ማውጣት የአንድ አፍ ሥራ ነው፥ መመለስ ግን የአገር ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ «ጦቢያ»ን አነበብሁ። አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ነጋዴም ገንዘቡን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ያንን ውለታ ሊመልስ ወጥቶ ይጠፋል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ትሄዳለች። አማርኛው እንደ ምንጭ ውኃ ይወርዳል፤ ንግግሩ ከሕዝብ አፍ የተቀዳ ነው። ጕድለትም አለበት። ድንገተኛ ነገር እየደረሰ ሰዎቹን ከመከራ ያወጣቸዋል፤ የልጆቹም ደግነት ከመልካቸው ማማር ጋር እየተያያዘ እስኪሰለች ድረስ ይነገረናል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ነካኝ። በታሪኩ ውስጥ ጦቢያን ያዩ ሁሉ ልብሷን አይተው ወንድ አሏት፤ ወንድ ናት ብላ የወደደቻትም ሴት አለች። በልብስ የፈረደ ሁሉ ተሳሳተ። እኔም መጽሐፉን ሳልገልጥ በደራሲው ማዕርግ ስፈርድ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ዛፍ በፍሬው እንደሚታወቅ በቃሌ ተምሬ ነበር፤ ፍሬውን ሳልቀምስ ዛፉን ቈረጥሁ።

የዚህንም ተቃራኒ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታገኙታላችሁ። ደራሲው የዚሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ነው፤ የክብር ዶክተርነትም አግኝቷል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ መጽሐፍ ትልቁን ማዕርግ የተሸከሙት ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ትምክሕት ቤታቸውን ያጠፋሉ። ከሁሉ አርቆ የሚያየውን ካሣን ደግሞ ሕዝቡ «ጉዱ» ብሎ ይስቅበታል። ደራሲው ማዕርጉን ለሞኙ፥ የስድቡን ስም ለጠቢቡ መስጠቱ እንዲሁ አይመስለኝም። አንባቢው በስም እንዳይፈርድ ያስተምረዋል።

ምናልባት «እንግዲያስ የአፈወርቅን ክሕደት እንርሳን?» ትሉኝ ይሆናል። አትርሱ። ስለ አገራቸው የሞቱት ሰዎች ደም እንድንረሳ አይፈቅድልንም። ሰውዬው ስለ ሥራው ይጠየቅ፤ መጽሐፉም ስለ ራሱ ይመዘን። አንዱ ሚዛን ሌላውን አይተካም። ክሕደቱን ስለ መልካም አማርኛው ይቅር የሚል ሰው፥ አማርኛውን ስለ ክሕደቱ ከሚጥል ሰው ያላነሰ ይሳሳታል።

ስለዚህ፥ ልጆቼ፥ መጽሐፍ በእጃችሁ በገባ ጊዜ የሽፋኑን ማዕርግ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ውስጡን አንብቡ፤ ከፈረዳችሁም በኋላ እጃችሁን አንሡ። ለባልንጀራችሁም ስም ከማውጣታችሁ በፊት ያ ስም ለልጆቹ እንደሚወርስ አስቡ። እኔ ይህን የተማርሁት ከተማሪዬ ነው፤ የኔታ መባል የሚገባውም እርሱ ነበረ።