ፌስታል አይደለሁም

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርትና ድንች ልገዛ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ጠና ካሉ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ቆሜ ተከራክሬ፣ አስመዝኜ ስጨርስ «በምን ላድርግልህ ልጄ?» አሉኝ። ግራ ቀኝ አየሁ። እጄ ባዶ ነው።

«ፌስታል የለዎትም እንዴ እናቴ?»

ከተቀመጡበት ሥር አንዲት ጥቁር ፌስታል መዘው እያራገፉ፣ «ፌስታል ከብቱን ፈጀ፣ ቦዩን ደፈነ እያላችሁ በሬዲዮ የምታወሩት እናንተ የተማራችሁት ናችሁ። ገበያ ስትመጡ ግን ዘምቢል አትይዙም» አሉና ሽንኩርቴን ገለበጡልኝ። መልስ አልነበረኝም። ሒሳቤን ከፍዬ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ዕቃዬን ኩሽና ሳስቀምጥ ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ዓይኔ አረፈ። እናላችሁ፣ እዚያ ሚስማር ላይ የተንጠለጠሉትን የጨርቅ ቦርሳዎች አንድ ሁለት ብዬ ብቆጥር አሥራ አራት ሆኑ። አሥራ አራት! ከዐውደ ጥናት የተሰጡኝ አሉ፤ ከኤግዚቢሽን ይዤ የመጣኋቸው አሉ፤ መጽሐፍ ስገዛ የተመረቁልኝ አሉ። ገሚሶቹ ላይ ቅጠል ተሥሎባቸዋል። አንዱማ «ምድራችንን እናድን» ይላል። ምድርን ሊያድን የተሰፋው ቦርሳ ከሚስማሩ ወርዶ አያውቅም።

ከሁሉም የቆየው አንድ ነጣ ያለ የሸራ ቦርሳ ነው። የአክስቴ ልጅ ለሚሊኒየሙ በዓል፣ መስከረም 2000 ዓ.ም. ከለንደን ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው ነው። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ፌስታል አይደለሁም» የሚል ተጽፎበታል። ስትሰጠኝ «ቀላል ዕቃ እንዳይመስልህ፤ በሌሊት ተሰልፌ ነው ያገኘሁት» ብላኝ ነበር። እኔም ቀላል አልመሰለኝም። ሽንኩርት ያቆሽሽብኛል ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ሰቅዬዋለሁ። የሽንኩርት መያዣ ሽንኩርት እንዳይነካው ሲጠበቅ አስቡት!

ስለዚህ ቦርሳ ትንሽ ላውጋችሁ። አንያ ሂንድማርች የምትባል እንግሊዛዊት የቦርሳ ዲዛይነር አለች። የእሷ የቆዳ ቦርሳዎች የተራ ሰው ኪስ የሚደፍራቸው አይደሉም። ይህን የሸራ ቦርሳ ግን ሰዎች ፌስታል እንዲተዉ ከሚቀሰቅስ አንድ ቡድን ጋር ሆና በ5 ፓውንድ እንዲሸጥ አደረገች። ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በታዋቂ ተዋንያንና ሞዴሎች ትከሻ ላይ ታየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2007፣ በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሴንስበሪ በተባለው የሱፐር ማርኬት ድርጅት መደብሮች 20 ሺሕ ያህሉ ለሽያጭ ቀረበ። ሰው ከንጋት በፊት ተሰለፈ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ወዲያው በኢንተርኔት ጨረታ ከመቶ ፓውንድ በላይ ይጠየቅበት ጀመር። በዚያው ዓመት ታይዋን ላይ ሲሸጥ ግፊያ ተነሥቶ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ነበሩ። ምድርን ለማዳን ተጋፍቶ መጎዳት!

ጥቂት ቆይቶ የለንደን ጋዜጦች ቦርሳው ቻይና መሠራቱን፣ ጥጡም ያለ ኬሚካል ከሚመረተው ዓይነት አለመሆኑን ጻፉ። ሠሪዎቹም እንዲህ ነው ብለን መቼ ተናገርን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አላሉም። ገዢው ነው ያለው። ገዢው የገዛው የሽንኩርት መያዣ መች ሆነና! «እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም» የሚል ማስታወቂያ ነው የገዛው፤ ትከሻው ላይ ሰቅሎት የሚሄደው።

እስቲ ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንግባ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ አየርን በማሞቅ ረገድ አንዴ ተይዞ ከሚጣል ቀጭን ፌስታል ጋር እኩል ለመሆን እንኳ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። በሳምንት አንዴ ገበያ ለሚወጣ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። ዴንማርኮች በ2018 ባወጡት ጥናት ደግሞ የአየር ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ውኃውን፣ ማዳበሪያውንና ሌላውንም ጉዳት ሁሉ አንድ ላይ ሲመዝኑት ቁጥሩ 7,100 ደረሰ። ያለ ኬሚካል የተመረተ ጥጥ ከሆነማ 20 ሺሕ! መሬት በስፋት ስለሚፈልግ፣ ምርቱም አነስተኛ ስለሆነ ነው። በሳምንት አንዴ 7,100 ጊዜ ማለት 136 ዓመት ነው። ማቱሳላ ካልሆነ ማን ይዘልቀዋል?

በዚህ ሒሳብ ተደስቶ «እንግዲያው ፌስታሌን አትንኩብኝ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይቸኩል። የዴንማርኩ ጥናት ሜዳ ላይ ተጥሎ የሚቀረውን ፌስታል አልቆጠረም። እነሱ አገር ፌስታል ሰብስቦ የሚያቃጥል አለ፤ እኛ አገር የሚሰበስበው ነፋስ ነው። አጥር ላይ የሚውለበለበው፣ ክረምት ሲገባ ቦዩን ደፍኖ ጎርፉን ወደ ድሃ ቤት የሚመልሰው፣ ላሟ በልታው ሆዷ ውስጥ ተቋጥሮ የሚገድላት፣ ይህ ሁሉ እዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፌስታል ይቅር ማለቱ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው በቦታው የምናመጣው ነገር አያያዝ ነው።

የጨርቅ ቦርሳ ጽድቁ በመደጋገም ነው። ያው ቦርሳ፣ ያው ትከሻ፣ ዛሬም፣ ነገም፣ ከርሞም፤ ቢቆሽሽ ታጥቦ፣ ቢቀደድ ተጠቅሞ። ፋሽን ደግሞ ጠላቱ ይኸው መደጋገም ነው። ዘንድሮ የያዝከውን ከርሞ ብትይዝ ያፍርብሃል። እና ሁለቱን አጋብተን ምን ይወለድ ብለን ነው? የሚወለደው በሚስማር ላይ የተሰቀለ አሥራ አራት ቦርሳ ነው።

ፋሽን ምንም አልጠቀመም ብል ግን ሐሰት እናገራለሁ። ሰው ስለማያስበው ነገር እንዲያስብ ያደርጋል። የአክስቴ ልጅ ያን ቦርሳ ይዛ ስትመጣ ነው እኔ ራሴ ስለ ፌስታል ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም ብዬ ያሰብኩት። ሆኖም ማሰብ ሌላ፣ መተው ሌላ። ያ ሁሉ ሰልፍ ከሆነ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የእንግሊዝ ሰባት ትልልቅ የሱፐር ማርኬት ድርጅቶች 7.6 ቢሊዮን ፌስታል ለገበያተኛው አድለዋል። ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ አንዱ ፌስታል 5 ሳንቲማቸውን ይከፈልበት ሲባል ግን ቁጥሩ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። አየርላንድም ቀደም ብላ በ2002 በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ብትጥል ፍጆታው ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ታዋቂ ሰው ያልፈታውን ሳንቲም ፈታው። ሳንቲሟን ደግሞ ማንም ተሸክሟት ፎቶ አይነሣባት!

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እንግሊዞች ከፌስታሉ ይልቅ ወፍራም የሆነ፣ «የዕድሜ ልክ ከረጢት» ብለው የሰየሙት ፕላስቲክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢ ተሟጋቾች ሲቆጥሩት፣ በዓመት ውስጥ 1.5 ቢሊዮን ተሽጧል፤ ለአንድ ቤተሰብ 54 መሆኑ ነው። በዓመት 54 ዕድሜ! አንያ ሂንድማርችም በ2020 «ፌስታል ነኝ» የሚል አዲስ ቦርሳ አወጣች። ጨርቁ ከ32 ያገለገሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች የተሠራ ነው። ዋጋው ግን እንደ ድሮው 5 ፓውንድ አልነበረም፤ ከ500 በላይ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከ«አይደለሁም» ወደ «ነኝ» ተዛወርን፤ ሁለቱም አንገት ያስዞራሉ።

የለንደንን ጉድ እያወራሁ የራሳችንን እንዳልዘለው። እኛ ዘምቢል ነበረን። እናቴ ገበያ የምትወጣበት አንድ ዘምቢል ነበራት፤ ጆሮው ሲላቀቅ በሲባጎ ትጠቅመዋለች፣ ቂጡ ሲሳሳ አሮጌ ጨርቅ ታስገባበታለች። ምድርን ስለማዳን አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። ሌላ ዘምቢል መግዣ ገንዘብ ስለሌላት ነው። እኔ ግን እሱን ተሸክሜ ከኋላዋ መሄድ ያሳፍረኝ ነበር። ጓደኞቼ እንዳያዩኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። ኋላ ፌስታል ሲመጣ ሥልጣኔ መስሎን ተሻማንበት። የሱቅ ስም የታተመበት ፌስታል ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣ፣ ለሰርግና ለመንገድ ይቀመጥ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ፌስታልም በጊዜው ፋሽን ነበር ማለት ነው። ያን ዘምቢል በሐፍረት ጣልን፤ ዛሬ መልኩን ለውጦ፣ ጽሑፍ ለብሶ ሲመለስ በኩራት ተቀበልነው። ሐፍረቱም ኩራቱም ከዕቃው ጋር ምንም አልነበራቸውም። ስለሚያየን ሰው ነበር።

የሚገርመው ነገር፣ ለንደን ስትሰለፍ እኛ ሕግ ነበረን። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው የካቲት 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከሰልፉ ሁለት ወር ቀድሞ። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ይላል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት በቀጭን ፌስታል እንደገበየን ሁላችንም እናውቃለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። የምድሯ ላም ፌስታሉን ትበላ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

ደግ ነው። የእኔ ሥጋት ፌስታሉ የሚተካበት ነገር ነው። ያ ጨርቅ የሚመስለው፣ ብዙዎቻችን «የጨርቅ ፌስታል» የምንለው ከረጢት ጥሬ ዕቃው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በግልጽ አማርኛ ፕላስቲክ ነው። ኬንያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ፌስታልን በከባድ ቅጣት ሲከለክሉ አገሩን የሞላው ይኸው ነበር። ጥራቱ እየወረደ፣ አንዴ ተይዞ እየተጣለ ሲያስቸግር በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናቸው እሱንም ለመከልከል ተነሣ። በየገበያው አዲስ ከረጢት የምንገዛ ከሆነ፣ አዋጁ ፌስታሉን አስወፈረው እንጂ አላስቀረውም። ቀጭኑን እየጣለች ያደገች እጅ ወፍራሙንም ከመጣል አትመለስም።

በተከታዩ ቅዳሜ ነጩን ቦርሳ ከሚስማሩ አውርጄ ሾላ ሄድኩ። ሴትዮዋ አፈር የያዘውን ድንች እያስገቡልኝ፣

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ፌስታል አይደለሁም ነው የሚለው።»

«እሱንማ እያየሁት!» ብለው ሳቁ። «ይልቅ ታጥበህ አምጣው፤ አቆሸሽኩልህ።»

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። አንዱ ጆሮው ሊላቀቅ ስለጀመረ በሲባጎ ጠቅሜዋለሁ። እንደ እንግሊዞቹ ሒሳብ ገና 125 ይቀረኛል። የተቀሩት አሥራ ሦስቱ ግን አሁንም ሚስማሩ ላይ ናቸው። ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዐውደ ጥናት ተጠርቻለሁ።