ቤቱን ሸጦ የተከራየ መንግሥት

ባለፈው አንድ ወዳጄ ቡና ላይ፣ «አንድ አገር በጀት ሲጠበው ሠራዊቱን በምን ያኖራል?» አለኝ። «በዘዴ ነዋ!» አልኩት። ዘዴ ያልኩት የእንግሊዞቹን ነው።

የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የወታደር ቤተሰብ የሚኖርባቸው ከ57 ሺህ በላይ ቤቶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1996 እነዚህን ቤቶች አኒንግተን ለተባለ የግል ኩባንያ በ1.66 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠና አብዛኞቹን እዚያው መልሶ ለ200 ዓመት ተከራያቸው። ሁለት መቶ ዓመት! እውነቱን ለመናገር ኪራዩ ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ጥገናው በተከራዩ ጫንቃ ላይ ቀረ።

እኛ ዘንድ ወለድ አገድ የሚባል ነገር አለ። አበዳሪው በወለድ ፋንታ ቤቱን ይጠቀምበታል፤ ዕዳው ሲከፈል ግን ቤቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ለንደን ላይ ይህችን ታህል እንኳ አልታሰበችም።

መዝገቡ ላይማ ነገሩ ያምር ነበር። ብሩ ዛሬ ይገባል፣ ብድር ተብሎ አይጻፍም፣ ኪራዩ ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሚኒስትር ጣጣ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። መንግሥት ለመከላከያ መበደሩን አልቃወምም። ግን ብድር ከሆነ ብድር ይባል፤ ምክር ቤቱም ስንት እንደሚያስወጣ አውቆ ይከራከርበት። ስሙን ለውጠው «ፈጠራ» ሲሉት ግን ሒሳቡን የሚጠይቅ ይጠፋል።

የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ትርፉም የገዢው ሆነ። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ግምት፣ ሚኒስቴሩ በመጀመሪያዎቹ 21 ዓመታት ከ2.2 እስከ 4.2 ቢሊዮን ፓውንድ ከስሯል። ወታደሩ በዚህ ሁሉ መሀል ስለ እርጥበት፣ ስለ ሻጋታና ስለ ተበላሸ ማሞቂያ አቤት ይል ነበር።

በጥር 2025 መንግሥት ከ36 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ቤቶች መልሶ ገዛ። ዋጋው? ወደ 6 ቢሊዮን ፓውንድ። የዋጋ ንረቱን ብንቀንስ እንኳ ቤቱ አነሰ፣ ሒሳቡ ጨመረ።

«ታዲያ አሁን ቤቶቹ ደህና ሆኑ?» አለኝ ወዳጄ ስኒውን እያስቀመጠ።

ብዙዎቹ ገና ጥገና ይጠብቃሉ። እሱም ሌላ በጀት ነው።